ማኅተም ያልተመታበት ጠመንጃ

“ቢፈነዳ ኖሮ ደስ ይልሽ ነበር?” ብሎ ባሏ ኦስካር ሄድቪግን ጠየቃት።

ነገሩ የመጣው የጠላት መድፍ ድምፅ ከተራሮቹ ማዶ መሰማት ከጀመረ በኋላ ነው። ለከተማው ሚሊሻ የታሰቡት አዲስ ጠመንጃዎች በጥድፊያ ከፋብሪካው ወጡ። ብረታቸውን ሞረድ አልነካውም፤ ሰደፋቸው ገና ከመጋዝ የወጣ ሳንቃ ነው። ጎረቤቷ ቲልዳ አይታ፣ “ይሄስ ለምድጃ ይሻላል” አለች። ሄድቪግ አልሳቀችም። አንዱ የተመደበው ለልጇ ለሎሬንስ ነው፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ።

በዚያች የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ደንብ አለ። እያንዳንዱ ጠመንጃ ከግንብ ጀርባ ይታሰራል፤ ባሩዱ ከልኩ በላይ ተጨምሮ፣ ቃታው በገመድ ተስቦ ይተኮሳል። ሳይሰነጠቅ ከቻለው ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለውን ጠመንጃ ጉንጩ ላይ የሚያስጠጋ ሰው የለም። እነዚህ ግን ሳይሞከሩ መጡ፤ የተመደቡላቸው ልጆችም አንይዝም አሉ። የሚሊሻው አለቃ ቢዝትባቸውም አልሆነለትም። በመጨረሻ የጠመንጃ ሞካሪውን ኦስካርን ጠርቶ፣ ዛሬውኑ ሞክርና ማኅተሙን ምታ አለው። ትርፍ ጠመንጃ ስለሌለ፣ ጠመንጃው የተሰነጠቀበት ልጅ ከዘመቻው ይቀራል።

ሄድቪግ ይህን ስትሰማ ባሏን በር ላይ ይዛ ለመነችው። የሎሬንስን ተሰንጥቋል በል አለችው።

“በማኅተሙ ዋሽቼ አላውቅም።”

“ለልጅህ እንኳ?”

“ለልጄማ እንዴት ብዬ? በማኅተሜ አምኖ ጉንጩን የሚያስጠጋው እሱ አይደል?”

ከግንቡ ውጭ ቆማ ጠበቀች። የቲልዳ ልጅ የአርኖ ጠመንጃ ተፈረከሰ። ቲልዳ መሀረቧን አፏ ላይ ያዘች። ቀጥሎ የሎሬንስ ነው። ሄድቪግ ዓይኗን ጨፍና፣ አምላኬ ሆይ፣ ስበረው አለች። ተተኮሰ። ቁራዎቹ ከጣሪያው ተነሡ። ከዚያ ማኅተሙን የሚመታው መዶሻ አንዴ ብረት ላይ ሲያርፍ ሰማች።

ኦስካር ወጥቶ ፊቷን ሲያይ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቃት።

ሎሬንስ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰውና ሳንቃውን ጉንጩ ላይ አስጠጋ። “አባዬ ራሱ ነው እኮ የመታው፣ እማዬ” አላት። “ምን ያስፈራሻል?” የተቀቀለ ድንች ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። አንዱ በረዶው ላይ ወደቀ፤ ልጁ አንሥቶ፣ ጠርጎ በላው።

ከሰዓት በኋላ ሎሬንስና ጓደኞቹ በጫካው መንገድ ወደ ተራሮቹ ሄዱ። አርኖና ትእዛዙን የሰጠው የሚሊሻው አለቃ ከተማው ውስጥ ቀሩ።