ሊሻን አልተኛም አለች

ሊሻን ሆሳዕና ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ግን ሰኞና ሐሙስ ሱቁን ዘግታ ከባሏ ከነስሩ ጋር ወደ ኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። ደሟ ወጥቶ ታጥቦ የሚመለሰው አንገቷ ሥር ተሰክቶ ልቧ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር በሚዘልቅ ቱቦ ነው።

ክረምቱ ሲገባ፣ ማሽኑ ላይ እንደተኛች ጥርሷ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣት። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ወሰደች፤ ባሰባት። ነገሩ የታወቀው ራሷን ስታ ሐዋሳ ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ደሟ ሲመረመር ነው፤ ጀርሙ የገባው በቱቦው በኩል ነበር። ቱቦውን አውጥተው በአንቲባዮቲክ አተረፏት፤ ሲሻላት በሌላው ጎን አዲስ አስገቡላት። ስትወጣ ሐኪሙ፣ "ይሄ የደምሽ በር ነው። ባልታጠበ እጅ ማንም እንዳይነካው፤ ማንም ይሁን" አላት።

ሆሳዕና በተመለሰች በመጀመሪያው የእጥበት ቀን ሲስተር አቢጋኤል ከጊምቢቹ የሚመጡትን ገበሬ የአባባ ሆሴዕን ቱቦ ከማሽኑ ገጠመችና በዚያው ጓንት ወደ እሷ ዞረች። ሊሻን አንገትጌዋን ጨምድዳ ያዘች።

"ጓንቱን ቀይሪ፣ ሲስተር። እጅሽንም ታጠቢ።"

"የቧንቧ ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ለማሽኖቹ ብቻ ነው። ጓንትም ቆጥቡ ተብለናል።"

"እንግዲያው አልተኛም።"

ነስሩ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ "ሊሻን፣ በአላህ! ቢያባርሩንስ የት እንገባለን?" ሲል አንሾካሾከ። አባባ ሆሴዕም በሀዲይኛ አጉረመረሙና፣ "አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ! እነሱን አስቀይመን በኋላ ማን ያክመናል?" አሉ።

"ወላሂ አልተኛም፣ አባባ! በዚህ ቱቦ አንዴ ሞቼ ነበር።"

የአቢጋኤል ዓይን እንባ አቀረረ። "ለዚህ ሁሉ ሰው ብቻዬን ነኝ። በምን ልሥራ?"

"ካንቺ ጋር አይደለም ጠቤ። አለቃሽን ጥሪልኝ።"

ኃላፊው ብዙነህ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። "ሌሎቹ ዝም ብለው እየታከሙ አንቺ ምን ሆንሽ? ካልተስማማሽ ሌላ ቦታ መሄድ ትችያለሽ።"

"አልሄድም፤ አልተኛምም። ጓንት የለም ይበሉኝና ነስሩ ገዝቶ ያምጣ።"

"አለ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ነው።"

"ክፉ ቀን የሚሉት የትኛውን ነው? ሁላችንም አፈር ስንገባ ነው?"

 

"አቶ ብዙነህ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ" አለች አቢጋኤል። የዘረጋችውን እጅ አልመለሰችም። ሰውዬው እሷን አየ፣ ሊሻንን አየ፣ ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ነስሩ ሮጦ ከጎረቤት ሆቴል በጀሪካን ውሃ አመጣ። አቢጋኤል እጇን እስከ ክንዷ በሳሙና ታጠበች፤ አዲስ ጓንት አጠለቀች፤ የቱቦውን አፍ በአልኮል ደጋግማ ጠረገች። ያኔ ሊሻን ተኛች። ማሽኑ ሲነሳ ያ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ይመጣል ብላ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። አልመጣም።

ከአጠገቧ አባባ ሆሴዕ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ አቢጋኤል፣ የኔን ስትነቅይም ታጠቢ፣ እሺ?"

ብዙነህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ሐሙስም እንዲሁ ልትረብሺን ነው?" አላት።

"ሐሙስም፣ ሰኞም" አለች ሊሻን ቀና ሳትል። "በሕይወት እስካለሁ ድረስ።"