ጓሮው የማን ነው?

አከራይዋ የጫማዋን ጫፍ ወደ ሰላጣው መደብ ቀስራ፣ "ይኼን ሁሉ በገዛ እጄ ነው ያለማሁት፤ ወገቤ እስኪቆረጥ" ስትል፣ ልብስ ሰፊዋ የውኃውን ጎማ እንደያዘች ክው አለች። ውኃው እግሯን ሲያርሰው እንኳ አልታወቃትም። ሊጎበኙ የመጡት የሰፈር ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቲማቲሙን ፎቶ አነሱ። ጉብኝቱን ያቋቋሙት ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳይቀሩ "እጅዎ ይባረክ" አሉና ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላውም ተከተላቸው።

ነገሩ ሲጀመር ደግ ሐሳብ ነበር። ዳይሬክተሩ ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲሰለቻቸው፣ "አጥር ለአጥር ተጠጋግተን እየኖርን አንዳችን የሌላውን ግቢ አናውቀውም" ብለው፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት የጎረቤቱን ጓሮ እየዞረ እንዲጎበኝ አደረጉ። አንዱ ችግኝ ይሰጣል፣ ሌላው ዘር ይቀበላል። ለዓመታት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጡ ሰዎች ስለ ጎመን ትል ሲከራከሩ ይመሽባቸዋል። ልብስ ሰፊዋም ተራው እነሱ ግቢ እስኪደርስ ድረስ እንደ ልጅ ስትቁነጠነጥ ሰንብታለች። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌቷን ቀድማ ጨርሳ፣ የጓሮውን መተላለፊያ ጠርጋ፣ ለሚጠይቋት ሁሉ ምን እንደምትመልስ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። የጠየቃት ግን አልነበረም።

እሷና ባሏ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ቤት ሲከራዩ ጓሮው የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ ነበር፤ የተሰባበረ ብሎኬት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የጠርሙስ ስባሪ። ብሎኬቱን እየለቀመች ለመደቦቹ ዙሪያ ድንበር አደረገችው። ፍጉን ከብት ከሚያደልቡ ሰዎች ዘንድ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላች፣ ያንን ሁሉ ዳገት በጀርባዋ አመላለሰችው። ከአትክልቱ ጎን አንድ የሎሚ ችግኝና ጽጌረዳም ተከለች። ቲማቲሙ ቀና እንዲል ያሰረችበት ጨርቅ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቁራጭ ነው። ባሏ "የሰው ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ የእኛ ቲማቲም ዩኒፎርም ለብሶ ጓሮ ይውላል" እያለ ይቀልድባታል። አከራይዋ ያን ጊዜ ከበረንዳዋ ሆና "ትንኝ እንዳታመጪብኝ" ከማለት በቀር አንዲት ባልዲ ውኃ አላቀበለቻትም።

ማታ ባሏ ከጎሚስታ ቤቱ እጁ በጎማ እድፍ ጠቁሮ ሲገባ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱ እጁን በሳሙና እያሸ ሰማትና ሳቅ አለ።

"እና ምን ጎደለብሽ? ሰላጣውን እንደሆነ የምንበላው እኛ ነን።"

"ስሜ ነዋ የጎደለብኝ።"

"ስም በሹካ አይነሳም። ባለቤት ናት፣ ትናገር። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?"

ከባለቤት ጋር ተጣልቶ የት ይኬዳል? እውነቱን ነው አለችና ዝም አለች። ዝምታው ግን ነቀዘ። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ያ ጭብጨባ በጆሮዋ ይመጣባታል፤ መርፌው ጣቷን ሁለቴ ወጋት።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሳምንቱ ሳይሞላ አከራይዋ ከበራቸው መጥታ ቆመች። የእህቷ ልጅ ከሩቅ አገር እየመጣ ስለሆነ ቤቱ እንደሚያስፈልጋት፣ ወሩ ሲያልቅ እንዲለቁላት፣ ቅር እንዳይላቸውም በለስላሳ ቃል ነገረቻቸው። ዘመድ ይመጣል ከተባለ ምን ይመለሳል? ባሏ ከሥራ ቦታው አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አገኘ። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። እንኳን ጓሮ፣ የአበባ ጣሳ የሚቀመጥበት በረንዳ የለውም። ልብስ ሰፊዋ አይታው መጣችና "ፀሐይ የማይገባበት ቤት ለስፌትም አይሆን" ብላ ብቻ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

እንዲህ እየሸከፈች ሳለ አንዲት ወጣት ሴት በሩን አንኳኳች። ያን እሑድ ከጎብኚዎቹ ጋር መጥታ፣ ከሎሚው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አልነሳ ብላ የነበረችው የአንድ መሐንዲስ ሚስት ናት። ሠፈሩ ውስጥ በእንግድነት ዘመድ ቤት ተጠግተው፣ የሚከራይ ቤት ሲፈልጉ እንደከረሙ ሁሉም ያውቃል።

"እትዬ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት" አለች በትሕትና። "መቼ እንደምትለቁ ልጠይቅ ብዬ ነው። እኛ እስክንገባ ጥቂት ቀን ክፍት የሚሆን ከሆነ ተክሎቹን ማን ያጠጣልናል ብዬ ተጨንቄ።"

ልብስ ሰፊዋ በእጇ ያለውን ድስት ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"እናንተ ናችሁ የምትገቡት?"

"አዎ፣ ቀብድም ከፍለናል። ያን ቀን ጓሮውን አይቼ ፍቅር ያዘኝና ባለቤትየዋን አላስቀምጥ አልኳት። እንዲህ የለማ ግቢ በዚህ ከተማ የት ይገኛል? ኪራዩ ጨመር ቢልም ምን ይደረግ።" ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ፊት አየችና ድምፅዋ ወረደ። "አልነገረችዎትም እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። ከመዳፏ እስከ ጣቶቿ ጫፍ የፍግ ከረጢትና የአካፋ እጀታ ያደነደነው ቆዳ ነው። ፍርስራሹን ከጓሮው ማን እንዳወጣው፣ ሎሚውን ማን እንደተከለው፣ ቲማቲሙ የታሰረበት ጨርቅ ከየት እንደመጣ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነገረቻት። ወጣቷ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ቀላ። አላወቅንም፣ ባናውቅ ነው፣ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ቀብዱ እንደማይመለስና እነሱ ቢተዉትም ሌላ ሰው እንደሚገባበት በጨረፍታ ጣል አድርጋ ሄደች።

ከሁሉም ያንገበገባት ይኸኛው ነበር። ሴትዮዋ ስለ ዘመዷ መዋሸቷ ብቻ አይደለም፤ እሷን ከቤቷ ያስወጣት የገዛ እጇ ሥራ ነው። ጓሮው ቆሻሻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬም እዚያው ይኖሩ ነበር። ሰው ባለማ ይባረራል?

ማታ ለባሏ "ሁሉንም ነቅዬ ነው የምሄደው" አለችው። እሱም እንደ ልማዱ ሊያባብላት ሞከረ፤ ሴትዮዋ ክፉ ናት፣ ነገር ታነሳብናለች፣ ያለፈው አልፏል፣ አንድ ቀን የራሳችን ጓሮ ይኖረናል አለ። ይህን ያህል ጊዜ አብረው ሲኖሩ አይታው በማታውቀው ዓይን አየችው።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔን የናቀችኝ አንተ ዝም ስላልክ ነው፤ እኔም ዝም ስላልኩ። አንተ ባትነቅል እኔ እነቅላለሁ።"

እሑድ በጠዋት አካፋውን ይዛ ወረደች። ጽጌረዳውን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቀለለችው። ሰላጣውን፣ ቲማቲሙን፣ ካሮቱን፣ ቃሪያውን እየነቀለች በሳጥን ደረደረች። ሎሚው ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ሥሩን ላለመቁረጥ ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። አከራይዋ ከዘመዶቿ ቤት ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጓሮው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ጠበቃት። ብቻዋንም አልነበረችም። ባለፈው ያልመጡ ጎረቤቶች ያንን የተወራለትን ጓሮ ለማየት ስለጓጉ፣ ዳይሬክተሩ የዕለቱን ጉብኝት እንደገና እዚያው አድርገውት፣ ሁሉም በሯ ላይ ተሰብስበው አብረዋት ገቡ። የመሐንዲሱ ሚስትም ከኋላ ነበረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች አከራይዋ ደንግጣ። "ከመሬት የበቀለ የመሬቱ ነው። መሬቱ ደግሞ የእኔ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው።

"መሬቱ የእርስዎ ነው እትዬ። ይኸውልዎ ፍርስራሹም የእርስዎ ነው" አለች፣ ከየመደቡ ዙሪያ አንስታ ጥግ የከመረችውን የብሎኬት ስባሪ እያሳየች። "የተረከብኩትን አስረክቤያለሁ። የቀረው የእኔ ነው።"

አከራይዋ ፖሊስ እንደምትጠራ ተናገረች።

"ይጥሩ። ቲማቲም ተሰረቅሁ ብለው ያመልክቱ። በዩኒፎርም ጨርቅ ያሰረችው ማናት ብሎ ሲጠይቅዎ የሚመልሱትን ግን ከወዲሁ ያስቡበት።"

ከጎብኚዎቹ መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ በክፍል ውስጥ እንደሚያረጋጉ ዓይነት፣ በጉርብትና እንዲህ ያለ ነገር ደግ እንዳልሆነ፣ ሁለቱም ለዘብ ብለው በሰላም ቢነጋገሩ እንደሚሻል መናገር ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ወደሳቸው ዞረች።

"ጋሼ፣ ፍጉን ተሸክሜ በበርዎ ሳልፍ 'በርቺ' አይሉኝም ነበር?"

"እል ነበር።"

"ታዲያ ያን ቀን ለማን ነው ያጨበጨቡት?"

ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁሉም እሳቸውን ያያል።

"ይሉኝታ ያዘኝ ልጄ። በሰው ግቢ ቆሜ ባለቤቷን ዋሸሽ ማለት ከበደኝ።"

"እኔ ፊት ዋሽታ እኔን ማዋረዷ ግን አልከበደዎትም።"

ከቆሙት ሰዎችም መሐል ከረጢት ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ያላያት አልነበረምና፣ አንዱ ጫማውን አየ፣ ሌላው አጥሩን። የመሐንዲሱ ሚስት ቀስ ብላ ወደ በሩ አፈገፈገች። አከራይዋም ለቀብዷ ሰግታ ነው መሰል ተከትላት ወጣች።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተገፍቶ ጎሚስታው ባሏ ጋሪ እየገፋ ገባ። ጉድጓዶቹን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ የሚስቱን ጉልበት አየ። ጎንበስ ብሎ ሎሚውን ከነአፈሩ አቅፎ ጋሪው ላይ ጫነው። እሷም ሳጥን አቀበለችው። ከዚያ አንዷ ጎረቤት ጽጌረዳውን አነሳች፣ ሌላው የካሮቱን ሳጥን። ግን ወዴት? ሦስተኛ ፎቅ ሎሚ አይበቅልም።

"እኔ ዘንድ ይሁን" አሉ ዳይሬክተሩ ድምፃቸው ተዳክሞ። "ቦታ አለኝ።"

እየተከታተሉ ወጡ። የዳይሬክተሩ ግቢ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ የተከረከመ ነው። መሐሉ ላይ እንግዳ ተቀብለው የሚያወጉበት ጠረጴዛና ወንበሮች አሉ። እሳቸውም ገብተው፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለችውን ጥግ በከዘራቸው አመለከቱ። ትንሽ ጥላ ይበዛባታል እንጂ ሰፋ ያለች ናት፣ በፈለግሽ ሰዓት እየመጣሽ ተንከባከቢ፣ በሩ ክፍት ነው አሉ። ከልባቸው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጥጉን አየችው። እርጥብ፣ ጠባብ፣ ከመንገድ የማይታይ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏም ጋሪውን ወደዚያው ማዞር ጀምሯል።

"ቆይ" አለችው።

በሣሩ ላይ ተራመደች፤ የጭቃ ዱካዋ ከኋላዋ ቀረ። ጠረጴዛው አጠገብ፣ ፀሐዩ የሚያርፍበት ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ነው የምተክለው ጋሼ።"

"እዚህ? በበር የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኮ ይኼንን ነው።"

"አውቃለሁ። የማን ነው ብለው ሲጠይቁዎትም ይነግሯቸዋል።"

ዳይሬክተሩ ሣሩን አዩት፣ እሷን አዩ። እሷ ግን ምን እንደሚሉ አልጠበቀችም። አንዱን ወንበር ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ አካፋውን ሣሩ ላይ አቆመችና በእግሯ ረገጠችው።