የአረፋው በግ ጉበት

ሀቢቡ በሰው ገንዘብ አይታማም፣ በውሸት አይታማም፤ በጉበት ግን ቡታጅራ ሁሉ ያማዋል። ታዲያ ባሂራ ያን ሁሉ ሰው አልፋ የጉበት አደራ የጣለችው በእሱ ላይ ነው።

ባሂራ የበግ መኖ ታጠናለች። በእነሀቢቡ ሰፈር ሣሩ መዳብ ስለሚያንሰው የጥቁር በግ ፀጉር ይቀላል፤ ግልገልም የኋላ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ይወለዳል። ሀቢቡ አምና ሁለት ግልገል እንዲህ ሆነውበት ሞቱ። ባሂራ ለእሱ በግ መዳብ ያለበት የሚላስ ጨው፣ ለጎረቤቱ በግ ደግሞ የመዳብ እንክብል ሰጠች። የትኛው ይበልጥ ሰውነት ውስጥ እንደገባ የሚታወቀው ከጉበት ነውና፣ በጎቹ ለአረፋ ሲታረዱ ጉበታቸውን ልትወስድ ተስማሙ። ከጨውና ከእንክብሉ የተሻለው ለሀቢቡ እርጉዝ በግ ይሰጣል።

የአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ በጉ ታረደ። ሚስቱ ዘይባ የድሃና የጎረቤት ድርሻ ልታዳርስ ወጣች። ሀቢቡ ጉበቱን ሲያየው ዘንድሮ ትንሽ አነሰበት። ጫፉን ብቻ ልቅመስ አለ። ጉበት ደግሞ ጫፉ ብዙ ነው። ልብ የገዛው መጥበሻውን በቆጮ ሲጠርግ ነው።

ምን ይሻላል? ትናንት ከገበያ በግ ገዝቶ ዛሬ ካረደው ከሰፈሩ ሰው ከዑመይር ቤት ሮጦ ጉበት ለምኖ በፌስታል ይዞ መጣ። ባሂራም ወዲያው ደረሰች፤ ፌስታሉን ዘረጋላት።

«ኢድ ሙባረክ ጋሼ ሀቢቡ። አላህ ይስጥልኝ። ለእርጉዟ የሚበጃትን እንግዲህ ከዚህ እናውቃለን።»

ሀቢቡ ወደ ደጅ አየ። ጥቁር የነበረችው እርጉዝ በግ ጀርባዋ ሻይ መስሏል። ባሂራ ፌስታሉን ስትስብ እሱም ሳበ።

«የዑመይር በግ ጉበት ነው» አለ በመጨረሻ።

«የእርስዎስ?»

እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ባሂራ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እንግዲያው መዳቡ የገባው እርስዎ ሰውነት ውስጥ ነዋ።»

ዘይባ ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዛ ገባች። «ገና ሲታረድ ቆርጬልሽ ጎረቤታችን ከድጄ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የአውራ ጣት ያህል ይበቃል ብለሽኝ የለ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሀቢቡ።

«ብነግርህ ይተርፍ ነበር?»

ሀቢቡ እርጉዟን በግ አንዴ አያት፤ ደረቱ ቀለል አለው። የዑመይርን ጉበት ሊመልስ ፌስታሉን አንስቶ ከበር ሲደርስ ዘይባ ጠራችው።

«አምጣው፤ እኔ አደርሰዋለሁ።»