ጓሮ ለጓሮ

ሚስቴና ታላቅ እህቷ ቤት የገዙት ጓሮ ለጓሮ ነው። ከተማው ወደ ሜዳው ሲለጠጥ የእኛን ሰፈር አንድ ድርጅት፣ የእነሱን ሌላ ድርጅት ሠራው። ፕላኑ ላይ በመሃላችን ያለችው ቀጭን መስመር ተራ አጥር መሰለችን። ሚስቴማ "እንደ ድሮው በጓሮ እየገባሁ ቡና እጠጣለሁ" ብላ ፈነጠዘች። ጅሎች ነበርን። መስመሯ የቁመቴን ሁለት እጥፍ የሚያህል ግንብ ሆነች። የእኛ መንገድ ግንቡ ጋ ሲደርስ ያልቃል፣ የእነሱም እንዲሁ። እነሱ ቤት ለመድረስ በሰፈራችን ብቸኛ በር ወጥቶ፣ ዋናውን መንገድ ይዞ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ በእነሱም ሰፈር ብቸኛ በር መግባት ነው። መንገዱ ከተጨናነቀ ቀኑን ይበላል።

ግንቡ ላይ ትንሽ በር ይከፈትልን ብለን የእነሱን ሰፈር ኮሚቴ ለመንን። እጅ ሲወጣ "አይከፈት" ካሉት አንዷ እትዬ ናት። ሚስቴ ታላቅ እህቷን እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ ነው የምላት።

"የማንም መተላለፊያ ይሆናል" አለች።

"እኔ ማንም ነኝ?" አለቻት ሚስቴ።

"አንቺማ መኪና አለሽ። ዞረሽ ነይ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት አስጠላኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአማቴ የድሮ ሰፈር ፈረሰ፤ እሳቸውም ታመው እትዬ ቤት፣ ጓሮ በኩል ያለች ክፍል ገቡ። የኖሩበት ሰፈር ጉራንጉር ነበር፤ ሰው በሰው ግቢ አቋርጦ የትም ይደርሳል። ሚስቴ በየእሁዱ ዞራ ስትመጣ ይቆጧታል።

"እዚህ ጀርባዬ ሆነሽ በሳምንት አንዴ?"

"መንገዱ አይገናኝም፣ እማዬ።"

"የማይገናኝ መንገድ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" ይላሉ፤ ሰበብ እየመሰላቸው።

የሞቱ ዕለት እትዬ ደውላ "ደክማለች" አለች። መኪና ላስነሳ ስሮጥ ሚስቴ ግንቡ ሥር ሄዳ "እማዬ!" ብላ ተጣራች። የወዲያኛው መስኮት ክፍት ነበር።

"መጣሽልኝ? ግቢ እንጂ" አሉ አማቴ።

"ዞሬ እየመጣሁ ነው፣ እማዬ። ጠብቂኝ።"

"ምን ያዞርሻል? እዚሁ አይደለሽ እንዴ!" ከዚያ ድምፃቸው ወደ እትዬ ዞረ። "ለምንድነው የማትገባው?"

"ተኳርፈናል። እኔ ቤት አትገባም" አለች እትዬ።

ሚስቴ "ውሸቷን ነው!" እያለች ግንቡን በእጇ ደበደበችው። ጎትቼ መኪና ውስጥ አስገባኋት። አደባባዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። የእነሱ በር ስንደርስ ዘበኛው "ቆይ፣ ደውዬ ላስፈቅድ" አለን።

አማቴ ላይ አንሶላ ተስቦባቸው አገኘናቸው።

"መጨረሻ ላይ ምን አለች?" አለች ሚስቴ።

"'ተያት፣ አትለምኛት' አለች" አለች እትዬ። ይህን ስትናገር መስኮቱን እየዘጋች ነበር።