የሆላንዱ ቫይታሚን ጾም ያስፈታል ወይ?

ሉሊ ከሆላንድ የማኅበረሰብ ጤና ማስተርስ ይዛ ተመልሳለች፤ ማስተርሱን ግን ከቁም ነገር የቆጠረው ጎረቤት የለም። ቂርቆስ ሰፈር የተወራው ሻንጣዋ ውስጥ ስለነበረው ነው፤ እንደ ማር የሚያበሩ፣ ለስላሳና ትልልቅ ክኒኖች የሞሉት አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ዲ።

እናቷ ወይዘሮ ጀማነሽ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ ፈረሰ፤ ደንበኞቻቸው ግን ቂርቆስ ድረስ ተከትለዋቸው መጡ። እምቢ ያሉት ጣቶቻቸው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት አብጠው አይታጠፉም። ሐኪሙ "የሰውነትዎ መከላከያ ራስዎን እየወጋ ነው" ቢላቸው "ምነው፣ ጠላት ጠፋ?" ብለው ሳቁ። በየሳምንቱ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው፤ ካቋረጡ ጣቶቻቸው ተጣመው እንደሚቀሩም አስጠነቀቃቸው።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ሀምዲያ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች።

"ሉሊዬ፣ እናትሽ ለጉልበቴ ብለው ከቫይታሚኑ ሰጥተውኝ ነበር። ማለቴ፣ ከምንድን ነው የሚሠራው?"

ሉሊ ብልቃጡን አንስታ አነበበች። "ሽፋኑ ጀላቲን ነው። ከበሬ ቆዳና አጥንት።"

"ማን አረደው?"

ሉሊ ብልቃጡን አገላበጠችው። ስለ አራጁ የተጻፈ ነገር የለም።

"በቃ፣ እኔ አልነካውም" አለች ሀምዲያ፣ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። "እትዬ ጀማነሽስ እንዴት ሊሆኑ ነው? የሆስፒታሉን መድኃኒት ጥለው ይሄንን ብቻ አይደል የሚወስዱት?"

ሉሊ ወደ እናቷ ዞረች። "የሆስፒታሉን ምን አልሽው?"

"ተውኩት" አሉ ጀማነሽ። "ያንቺ መጣ አይደል እንዴ?"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ መድኃኒቱን አይተካም! እጥረት ላለበት ሰው ይጠቅም ይሆናል፣ ለመገጣጠሚያ ግን ጥናቶቹም አይስማሙም..."

"ካልተስማሙ ለምን አመጣሽው?"

ሉሊ ያመጣችው ቸኮሌት ብቻ ይዞ መምጣት ስላሳፈራት ነው። ጥናት አልሠራ ሲላት፣ ራሷ የማትጾመው ልጅ፣ ያላትን ወረወረች።

"ሁዳዴ ነው እኮ እማዬ። የበሬ አጥንት እየዋጥሽ ነው።"

ጀማነሽ አማተቡ። "ወይ ጉዴ! ለመምሬም ሰጥቻቸዋለሁ!"

የንስሐ አባታቸው መምሬ ተስፋለም በስልክ ተጠርተው መጡ። ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ፈረዱ።

"መድኃኒት ጾም አያስፈታም። ለታመመ ተፈቅዷል።"

"እርስዎ ምን ታመው ነበር አባቴ?" አለች ሉሊ።

መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ። "ድካም... ድካም ቢጤ።"

"ብልቃጡ ደግሞ መድኃኒት ነው አይልም። የምግብ ማሟያ ነው የሚለው።"

"ምግብ?"

"ምግብ።"

መምሬ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። መድኃኒት ነው ቢሉ እሳቸው ነጻ ይወጣሉ፣ ጀማነሽ ግን በሆላንዱ ይቀጥላሉ፤ ዓይናቸው ባበጡት ጣቶች ላይ አረፈ።

"እንግዲያው ፈስኬያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "የኔን እኔ እወጣዋለሁ። አንቺ ግን ልጄ፣ ምግቡን ተዪና መድኃኒቱን ዋጪ።"

ሉሊ በልቧ አጨበጨበች።

"አልውጥም" አሉ ጀማነሽ።

"ምን?" አለች ሉሊ።

"ያቅለሸልሸኛላ! የሰው ቀሚስ ላይ ላስመልስ? እህህ እያልኩ ስውል ቫይታሚኑ መጣልኝ፣ አመካኘሁበት። ምን ሆነሽ ነው ያለኝ ሰው አለ? ሁላችሁም ትፈርዳላችሁ እንጂ።"

ሉሊ የሐኪሙን የቀጠሮ ካርድ ፍለጋ ተነሣች።

በማግስቱ እናቷን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የማቅለሽለሹን ነገር ሰምቶ "ከክኒኑ ጋር የሰጠሁዎትን ትንሿን ቢጫ ክኒንስ ይወስዳሉ?" ብሎ ጠየቀ።

"እሷንማ መጀመሪያ ነው የተውኳት" አሉ ጀማነሽ። "እሷም ቫይታሚን ናት ብለኸኝ የለ? የሆላንዱን አመጣልሻለሁ ከተባልኩ ወዲያ የመርካቶውን ምን አደርገዋለሁ?"

"ማቅለሽለሹን የምትቀንሰው እኮ እሷ ናት፣ እናቴ። ፎሊክ አሲድ ትባላለች። ቫይታሚን ሁሉ አንድ አይደለም።" የደም ምርመራ አዘዘ፤ ቫይታሚን ዲ ካነሳቸው ለጾም የሚስማማቸውን እንደሚፈልግላቸውም ተናገረ። ከዚያ ወደ ሉሊ ዞረ። "አንቺስ ሆላንድ ምንድን ነበር ያጠናሽው?"

"ኢኮኖሚክስ" አለች ሉሊ፣ የማኅበረሰብ ጤና ማስተርሷን ክዳ።

የምርመራው ውጤት ደህና ሆኖ ሐኪሙ ሁለቱንም ክኒን አስጀመራቸው፤ ቢጫዋን በታዘዘላቸው ቀን፣ የሳምንቱን በቀኑ። የሳምንቱን የዋጡ ዕለት ጀማነሽ ሶፋው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሉሊ ሳፋ ታቅፋ አጠገባቸው ሆነች። እናትና ልጅ ማቅለሽለሹን እንደ እንግዳ ጠበቁት።

"መጣ?" አለች ሉሊ።

"አፍሽን ያዢ" አሉ ጀማነሽ። "ረስቶን ይሆናል፣ አትጥሪው።"