ዓሣ ነባሪው ብቅ ያለ ዕለት

የዓሣ ነባሪ አዳኞች ጀልባ ቀዛፊ የሆነው ወንድሜ ኦርተን ምክር ቢሰጡት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰው በመቅዘፊያ መትቶ ተከሰሰ፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም። መጥሪያው ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል «አፒር» ነው፤ ፍርድ ቤት ቅረብ ለማለት። ደሴታችን ላይ ይህን ቃል ዓሣ ነባሪ ብቅ ሲል ነው የምንለው። የሞተ ሰው ታየ ሲባልም እንለዋለን፤ ጨዋ መስሎ ለሚታይ ሌባም እንዲሁ።

«እኔ ምን ዓሣ ነባሪ ነኝ፣ ብቅ የምለው?» ብሎ ሳቀ።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ዛሬ ከቀረህ ዋናው ደሴት ወስደው ነው የሚያስሩህ!»

«እሺ በቃ ቬርሊን። ከዓሣ ነባሪ በቀር የሚያስቀረኝ የለም።»

ደሜ ፈላ። ዓሣ ነባሪ የምጠብቀው እኔ ነኛ! ከአባታችን የወረስኩት ሥራ ነው። ኮረብታው ላይ ተቀምጬ ባሕሩን አያለሁ። ውሃ ሲተፋ ካየሁ ብድግ እልና ወዴት እንዳለ ለቀዛፊዎቹ በመስታወት አብለጭልጬ እጠቁማለሁ። ካላየሁ አልቆምም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደሴቱ ላይ የለም። ወቅቱ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶት እስካሁን አንድም አልተያዘም።

ዳኛው በወር አንዴ ነው የሚመጣው። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኦርተን ከኮረብታዬ ግርጌ ካለው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ግንቡ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱን ግን ያዞረው ወደ እኔ ነው። እጄ አላርፍ አለኝ። መስታወቱን ከኪሴ አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። «አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ ባዶ ባሕር አሳየኝ» እላለሁ።

ብቅ አለ! በደቡብ በኩል ነጭ ውሃ ሽቅብ ተፋ።

መስታወቱን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። መንደሩ ከፈለገ ይርገመኝ፣ ወንድሜ አይታሰርብኝ።

ፖሊሱ ክራስወል ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወጣ። ስም የሚጠራው ሦስት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመያዣ ትእዛዝ ይጻፋል።

«ኦርተን ጉድሪጅ!»

ኦርተን ንቅንቅ አላለም።

«ኦርተን ጉድሪጅ!»

«ተነሣ እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!» ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ነፋሱ ቀሚሴን ሲያራግበው ወደ እግሬ አየሁ። ለካ ቆሜያለሁ። ዓሣ ነባሪውን ካየሁ ጀምሮ ቆሜያለሁ!

መስታወቱን ሲጠብቅ የቆየው ኦርተን ቆሜ ስጮህ ሲያይ ወደ ባሕሩ ሮጠ። ሦስተኛው ጥሪ ሲሰማ ግንቡ ላይ ማንም አልነበረም። ቀዛፊዎቹ ጀልባዋን ገፍተው ገቡና ወዴት እንደሚሄዱ እንድነግራቸው ወደ እኔ አንጋጠጡ። መስታወቱን ባወጣም ጊዜው አልፏል፤ ዓሣ ነባሪው ዳግም አልታየም።

ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ባዶዋን ስትመለስ ክራስወል ካቴና ይዞ ባሕሩ ዳር ይጠብቃል። ኦርተን እጁን ራሱ ዘረጋለት።

«ቬርሊን» አለኝ፣ «እያየሽው ለምን ዝም አልሽ?»