ሁለቴ ካንኳኳ ወደ ኋላ

ወንድሜ ለሰው ስለ ሰማይ ያስረዳል፤ እኔ ምስል የሚያሳየውን ማሽን እነዳለሁ። ጣሪያዋ ሰማይ በምትሆን ክብ አዳራሽ ውስጥ ሆድና ጀርባ ሆነን እንሠራለን። ጉባኤ አለብኝ ብሎ ከአባታችን ቀብር ከቀረ ወዲህ ቃል አልተነፈስኩለትም። እሱ ደግሞ ለሰው "የቀብሩን ቀን ማን ነገረኝና!" ይላል። ውሸታም! ስለማንነጋገር በትርኢት ላይ ጠረጴዛውን በጣቱ ያንኳኳል፤ አንዴ ከሆነ ምስሉን ወደ ፊት እወስደዋለሁ፣ ሁለቴ ከሆነ ወደ ኋላ።

እማዬ ብቻዋን መኖር አቅቷታል። "አንዳችሁ ቤት ብገባ ሌላው ደጁን አይረግጥም" አለችን፣ ለየብቻ በስልክ። "ዛሬ መጥቼ አያችኋለሁ። እንደ ሰው ስትነጋገሩ ካየሁ እሰየው፤ ካልሆነ ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ አረጋውያን መጦሪያ እገባለሁ።" እኔ ምን ቆርጦኝ ቀድሜ አናግረዋለሁ? ታላቁ እሱ፣ ጥፋተኛው እሱ!

ትርኢቱ ተጀመረ። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር። ወንድሜ አፉን ሞልቶ ያብራራል፤ ጋላክሲ የቢሊዮን ከዋክብት መንደር ነው፤ ጋላክሲዎቹም የሚራራቁት በመካከላቸው ያለው ቦታ ራሱ እየተለጠጠ ስለሆነ ነው።

"መሀሉ የት ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"መሀል የለውም። የትኛውም ጋላክሲ ላይ ቢሆኑ፣ እርስዎ ባሉበት የቆሙ፣ ሌሎቹ ጥለውዎት የሚሸሹ ይመስልዎታል።"

ይችን እንኳ ታውቃለህ፣ አልኩ በሆዴ።

"አሁን ወደ ኋላ እንመልሰውና ሁሉም አንድ ላይ ታጭቆ እንደ ፍም የጋለበትን ጊዜ እንይ" አለና ሁለቴ አንኳኳ።

ሰምቻለሁ። እልሄ መጣና ወደ ፊት ነዳሁት። ጋላክሲዎቹ ተበታተኑ፣ ደበዘዙ፣ አንድ በአንድ ጠፉ። ደጋግሞ ቢያንኳኳ ማን ሰምቶት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መላ ሲያጣ ስለሚመጣው ማውራት ጀመረ።

"እጅግ ሩቅ በሆነ ዘመን የእኛው ጋላክሲ ብቻውን ይቀራል። ያኔ የሚኖር ሰው ቀና ቢል ሌላ አያይም። ድሮም ብቻውን የነበረ ይመስለዋል።"

ጣሪያው ጨለመ።

"መልሱት እንጂ፣ ልጆቼ" አለች እማዬ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ሁለቴ አንኳኳ። እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

መብራት ሲበራ የእማዬ ወንበር ባዶ ነበር።

"ለምን አልመለስሽውም?" ብሎ ጮኸብኝ።

"በአፍህ ጠይቀኸኛል?"

"አንቺ ነሽ ያስኬድሻት!"

"አንተ ነህ!"

ይኸው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተነጋገርን። እማዬ ግን ሻንጣዋን ይዛ ወደ መጦሪያው የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብታለች።